አተንቦሮ፦ ከትሬንት ወንዝ ዳር ብዙ ያልራቀ ስም

በ2009 የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ40 የብሪታንያ የቤተሰብ ስሞች ላይ የሠሩትን ጥናት አወጡ። በእነዚህ ስሞች የሚጠሩ 1,678 ወንዶች ዲ ኤን ኤ ተመርምሯል። ከአርባው ስም አንዱ አተንቦሮ ነው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም በ87 በመቶዎቹ አተንቦሮዎች ላይ አንድ ዓይነት፣ ወይም ከዚያ እምብዛም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። አስር አተንቦሮ ብትሰበስቡ ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት የአንድ ሰው ዘር ናቸው ማለት ነው። አስር ስሚዝ ብትሰበስቡ ግን መንገድ ላይ ያገኛችኋቸውን አስር ሰዎች ከመሰብሰብ ብዙም አይለይም።

ይህን ውጤት ለመረዳት ላቦራቶሪው ብቻ አይበቃም። መንደሩን፣ መዝገቡንና ካርታውንም ማየት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን አብዛኞቻችን የምናውቀው በዴቪድ አተንቦሮ ነው። የሰሜን ተራሮቻችንን ጭላዳና ዋልያ ለዓለም የተረከው ያ ድምፅ ማለት ነው። ታላቅ ወንድሙ ሪቻርድ ደግሞ ስለ ጋንዲ በሠራው ፊልም ኦስካር ወስዷል። ሁለት ዝነኛ ሰዎች ስለያዙት ስሙ እንግሊዝ ውስጥ የሞላ ይመስላል። አይደለም። ስሚዝ የሚባል ሰው ብሪታንያ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። አተንቦሮ ግን ሥሩ ሁለት አጎራባች አውራጃዎች ውስጥ ብቻ ነው፤ ኖቲንግሃምሻየርና ደርቢሻየር።

አተንቦሮ የሚባል መንደርም አለ። ከኖቲንግሃም ከተማ ደቡብ ምዕራብ፣ ትሬንት ወንዝ ዳር ላይ ነው። ከደርቢሻየር ጋር ወሰንተኛ ነው ማለት ይቻላል። የቆየ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለው። የኦሊቨር ክሮምዌል አማች የነበረው ጄኔራል ሄንሪ አየርተን በ1611 የተወለደው እዚህ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከአካባቢው ጠጠር ሲወጣ ኖረ፤ ጉድጓዶቹን ውሃ ሞላቸውና የአእዋፍ መሰብሰቢያ ሐይቆች ሆኑ። ቦታው በ1966 የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ሲሆን መርቆ የከፈተው ማን ነው ብትሉ፣ ዴቪድ አተንቦሮ። ስሙን ከመንደሩ የወሰደ ቤተሰብ ልጅ ተመልሶ መንደሩን መረቀ።

መንደሩ በእርግጥ የስሙ ምንጭ ነው ለማለት ግን ትንሽ መከራከር ያስፈልግ ነበር። የስም አጥኚዎች ሁለት ሐሳብ ነበራቸው። አንደኛው፣ ስሙ የመጣው ከዚህ መንደር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በድሮ እንግሊዝኛ «ቅጥሩ አጠገብ የሚኖረው» ከሚል አነጋገር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ትክክል ቢሆን ኖሮ ስሙ በብዙ ቦታ ለየብቻው መወለድ ነበረበት። ምክንያቱም ቅጥር ያለው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። «ጫካው አጠገብ» ከሚለው የመጣው አትዉድ የሚባለው ስም ለምሳሌ በብዙ የእንግሊዝ አውራጃዎች ተበታትኖ ይገኛል። አተንቦሮ እንደዚያ አይደለም። ካርታ ላይ ሲቀመጥ አንድ ቦታ ተከማችቶ ይታያል፤ ያውም መንደሩ ዙሪያ። እኔ ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ካርታውን አምናለሁ። ዲ ኤን ኤውም ኋላ የመሰከረው ለካርታው ነው።

ሰው በመንደር ስም የሚጠራው ከመንደሩ ሲወጣ ነው። ጎንደር ውስጥ ማንንም «ጎንደሬው» ብሎ የሚጠራ የለም፤ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ጎንደሬው ይሆናል። እንግሊዝም እንደዚሁ ነበር። አተንቦሮ ውስጥ ሁሉም የአተንቦሮ ሰው ነው። አንዱ ተነስቶ ከወንዙ ማዶ ወይም ከጎረቤት መንደር ሄዶ ሲሰፍር፣ «ያ የአተንቦሮው» ይባላል። ስለዚህ የስሙን የመጀመሪያ ባለቤቶች መፈለግ ያለብን መንደሩ ውስጥ ሳይሆን በግማሽ ቀን የእግር መንገድ ዙሪያው ነው።

ቅጽል ስሙ ወደ ልጅ መተላለፍ የጀመረበት ጊዜ ሌላ ታሪክ ነው። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በፊት እንግሊዞች የሚወረስ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። መጀመሪያ የያዙት መሬት የነበራቸው ትልልቅ ጌቶች ናቸው። ርስት ለማን እንደሚተላለፍ በወረቀት መጻፍ ሲጀመር፣ ስምም አብሮ መተላለፍ ያዘ። ከዚያ ወደ ነጋዴው፣ ከዚያም ወደ ገበሬው ወረደ። ደቡቡ ቀደመ፣ ሰሜኑ ዘገየ። በ1400 አካባቢ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ የሚወረስ ስም ነበረው። ግብር ሰብሳቢም ነገሩን አጠናክሯል። በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጣል፣ ጆን የሚባሉ ሰዎች በሞሉበት መንደር የትኛው ጆን እንደከፈለ መለየት ነበረበት።

ይህ ለእኛ ሰዎች ሩቅ ታሪክ አይደለም። አሜሪካና እስራኤል የገቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዛሬ ያሉት እዚያው ደረጃ ላይ ነው። የአባት ወይም የአያት ስም ፓስፖርት ላይ «ላስት ኔም» ተብሎ ይቆማል፣ ልጅም የልጅ ልጅም ያንኑ ይዞ ይቀጥላል። አያትየው የአንድ የቤተሰብ ስም መሥራች ሆኑ ማለት ነው፣ ሳያውቁት። የአንዱ ወንድም ልጆች ስሙን በአንድ አጻጻፍ፣ የሌላው ወንድም ልጆች በሌላ አጻጻፍ ሲያስመዘግቡትም ሁላችንም አይተናል።

የአጻጻፉ ነገር እንግሊዝ ውስጥም ራስ ምታት ነበር። ከ1538 ጀምሮ እያንዳንዱ አጥቢያ የክርስትና፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እንዲይዝ ታዘዘ። ካህኑ የሰማውን ይጽፋል። ባለ ስሙ ብዙ ጊዜ ማንበብ አይችልም፤ ተሳስተሃል ብሎ አያርመውም። አተንቦሮ፣ አተንቦሮው፣ አተንባሮው እየተባለ ተጻፈ። የሌስተሮቹ ጥናት አንዱ ጥሩ ነገር ልዩ ልዩ አጻጻፎቹን አንድ ላይ ማየቱ ነው። ክሮሞዞሙ የፊደል ልዩነቱን ከምንም አልቆጠረውም።

መዝገቡ ከ1837 በኋላ ይበልጥ ይጠራል። በዚያ ዓመት በመንግሥት የሚካሄድ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ተጀመረ። ከ1841 ጀምሮ ደግሞ በየአስር ዓመቱ የሚካሄደው ቆጠራ የሰዎችን ስም መያዝ ጀመረ። ለስም አጥኚዎች ወርቅ የሆነው የ1881ዱ ቆጠራ ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ስለገባ የማንኛውንም ስም ካርታ ማውጣት ይቻላል። ከዚያ በፊት ሥራው የትዕግሥት ነበር። በ1890 ሄንሪ ብሮም ጋፒ የተባለ ሰው የስሞችን መኖሪያ ለማወቅ ከንግድ ማውጫዎች ላይ የገበሬዎችን ስም ብቻ ለቅሞ ቆጠረ። ለምን ገበሬ? ከቦታው የማይነቃነቅ ገበሬ ነው ብሎ ነው። ቀላል ዘዴ ነው፤ ግን ብልህ።

ወደ አተንቦሮ እንመለስ። ከ500 ዓመት በላይ ያለፈው ስም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገና ያንኑ አካባቢ አልለቀቀም። የዴቪድና የሪቻርድ አባት ፍሬድሪክ በ1887 የተወለደው ስቴፕልፎርድ ነው። ከአተንቦሮ መንደር ስቴፕልፎርድ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስንት ትውልድ አልፎ የተሄደው መንገድ ይህ ብቻ ነው!

ይህ ስንፍና አይደለም። ሕጉ ራሱ ሰውን ከመሬቱ ጋር ያስር ነበር። ድሃን የመደገፍ ሸክም የየአጥቢያው ነበር፤ በ1662 የወጣው የመኖሪያ ሕግ ደግሞ ማን የየትኛው አጥቢያ ሰው እንደሆነ ወሰነ። አጥቢያው የሚረዳው የራሱን ድሃ ብቻ ነው። ከሌላ አጥቢያ የመጣ ምስኪን ሸክም ይሆናል ተብሎ ከተፈራ ወደመጣበት ሊመለስ ይችል ነበር። እንዲህ ባለ አገር ማን ብድግ ብሎ ይሄዳል? በሌላ በኩል ደግሞ መሄድ የሚያስገድድ ችግርም አልነበረም። ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ የካልሲ መሥሪያ ማሽን በ1589 የፈለሰፈው ዊሊያም ሊ ነው። ከዚያ በኋላ አካባቢው በካልሲና በዳንቴል ሥራ ታወቀ። ከሥሩ ደግሞ የድንጋይ ከሰል ነበረ። ሥራው እቤት ድረስ መጥቶ ሳለ ስደት አያስፈልግም።

የወጡም ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ አተንቦሮ የሚለው ስም ዕቃ በመያዣ ተቀብለው ገንዘብ ከሚያበድሩ ባለ ሱቆች ጋር ይያያዝ ነበር። ፍሊት ስትሪት ላይ ሱቅ ነበራቸው። ሰዓቱን ወይም ቀለበቱን አስይዞ የሚበደር የለንደን ሰው ስሙን አሳምሮ ያውቀዋል። ግን እነዚህ ቅርንጫፍ ናቸው። ግንዱ ትሬንት ዳር ቀርቷል።

አንድ ስም ብርቅ የሚሆነው ለምንድን ነው? ሰው ብዙውን ጊዜ «የተከበረ ዘር ስለሆነ ነው» ብሎ ያስባል። ምንም ግንኙነት የለውም። በ1873 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ጎልተን ይህንኑ ጥያቄ በሒሳብ መልክ አቀረበ፤ ሄንሪ ዋትሰን የሚባል ቄስና የሒሳብ ሊቅ መለሰለት። አንዱ ሰው ሦስት ወንድ ይወልዳል፣ ሌላው ሴቶች ብቻ፣ ሌላው ምንም። ሴቶች ብቻ የወለደው ሰው ዘሩ ይቀጥላል፣ ስሙ ግን እሱ ላይ ያበቃል። ይህ በየትውልዱ ሲደጋገም ከብዙ ስሞች አብዛኞቹ ይጠፋሉ፤ የተረፉት ጥቂቶች ይበዛሉ። ዋትሰን ሁሉም ስም በመጨረሻ ይጠፋል ወደሚል ድምዳሜ መሄዱ ልክ አልነበረም፣ ኋላም ታርሟል። መንገዱ ግን እስከዛሬ ያገለግላል።

በዚህ ላይ ወረርሽኙን ጨምሩበት። በ1348 የገባው ጥቁር ሞት ከእንግሊዝ ሕዝብ ከሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ ፈጀ። ስሞች ገና መውረስ በጀመሩበት ሰዓት ነው። ጥቂት ቤት ብቻ የሚጠራበት ስም በአንድ ክረምት ሊያልቅ ይችል ነበር። የተረፈው ተረፈ።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው መግባት እንችላለን። የቤተሰብ ስምና ዋይ ክሮሞዞም አንድ መንገድ ነው የሚሄዱት፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ። ይህን በመጀመሪያ በሰፊው ያሳወቀው በ2000 የኦክስፎርዱ ብራያን ሳይክስ ነው። የራሱን ስም የያዙ 48 ወንዶችን መረመረ፤ 21ዱ አንድ ዓይነት ሆኑ። ሳይክስ በዮርክሻየር የበዛ ስም ስለሆነ ብዙ መሥራቾች ይኖሩታል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። በ2006 የሌስተሩ ቡድን በስም የሚመሳሰሉ ግን የማይተዋወቁ 150 ጥንድ ወንዶችን አየ። 24 በመቶዎቹ ጥንዶች በአባት በኩል የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው። ስሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ እያለ ወደ ግማሽ ተጠጋ። ቀጥሎ የ2009ኙ መጣ።

እዚህ ላይ ስለ ሌስተር አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳልል ማለፍ ስለማልችል ነው። በ1984 የዲ ኤን ኤ አሻራ የተገኘው እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በአሌክ ጄፍሪስ። የእንግሊዝን የአካባቢ ታሪክ ለብቻው የሚያጠና ክፍል የተቋቋመውም እዚሁ ነው፤ መሪው ደብልዩ ጂ ሆስኪንስ ነበር። የቤተሰብ ስሞችን በየአውራጃው የመመዝገብ ሥራም ከዚያ ክፍል ወጣ። ክፍሉ ሲቋቋም ዩኒቨርሲቲው ገና ኮሌጅ ነበር። ከ1932 እስከ 1951 የመራው ፍሬድሪክ አተንቦሮ ነው፤ ያ የስቴፕልፎርድ ልጅ። እሱ ራሱ የጥንት እንግሊዝ ነገሥታትን ሕግ ያጠና ሰው ነበር። ልጆቹም ያደጉት ግቢው ውስጥ ነው። ስሙን የታሪክ፣ የካርታና የዲ ኤን ኤ ሰዎች ተቀባብለው ያጠኑት በእሱ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

87 በመቶውን ብዙ ሰው የሚያነበው እንደ ታማኝነት ምስክር ወረቀት ነው። የአተንቦሮ ሚስቶች ታማኞች ነበሩ፣ ዘሩ አልተደባለቀም ይባላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እስኪ ቀላል ስሌት እናስላ። ስሙ 700 ዓመት ገደማ ነው፤ ወደ 22 ትውልድ ይሆናል። በየትውልዱ ከመቶ አንድ ልጅ ብቻ ስሙንና ክሮሞዞሙን ከተለያዩ ሰዎች ቢወስድ፣ ከ22 ትውልድ በኋላ ከዋናው ዘር የሚቀረው 80 በመቶ ነው። ከመቶ ሁለት ቢሆን 64 በመቶ ብቻ። እንዲህ ያለ መለያየት ደግሞ ነውር ብቻ አያመጣውም። ጉዲፈቻ አለ፤ የእንጀራ አባት ስም አለ፤ ሳታገባ የወለደች እናት የራሷን ስም ለልጇ ታወርሳለች፤ ውርስ ለማግኘት ሲባል የሚስት ቤተሰብ ስም ይያዛል። ታዲያ 87 እንዴት ተገኘ? አንዱ ቅርንጫፍ በዕድል ብዙ ወንድ ልጅ ስላፈራና ሌሎቹ ስለደረቁ ነው። ዛሬ ያሉት አተንቦሮዎች የሚገናኙት መጀመሪያ ስሙን በያዘው ሰው ላይ ሳይሆን ከእሱ ብዙ ትውልድ በኋላ በኖረ አንድ ዕድለኛ ሰው ላይ ሊሆን ይችላል። ስሙንና ክሮሞዞሙን ያያያዘው ክር ሊበጠስ የሚችልበት ጊዜም በዚያው ልክ ያጥራል። የ2009ኙ ጥናትም ለብርቅ ስሞች አንድነት ትልቁን ድርሻ የሰጠው ለዚህ የዕድል ነገር ነው።

ክሩ ሲበጠስስ? ቱሪ ኪንግ ኋላ በንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ አጽም ላይ ያገኘችው ይህንኑ ነው። አጽሙ በ2012 ሌስተር ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ወጣ። በእናት በኩል የሚተላለፈው ዲ ኤን ኤ በሕይወት ካሉ ዘመዶች ጋር ገጠመ። በአባት በኩል የተመረመሩት አምስት ወንዶች ግን አንዳቸውም አልገጠሙም። ከአምስቱ አንዱ ጭራሽ ከአራቱም ጋር አይገናኝም። በመሳፍንት ቤት፣ በወረቀት ተመዝግቦ የቆየ የዘር ሐረግ እንኳ እንዲህ ነው።

እኛን የሚነካው ቀጥሎ ያለው ነው። የአተንቦሮዎቹ የጋራ ክሮሞዞም ኢ1ቢ1ቢ የሚባለው ሃፕሎግሩፕ፣ ማለትም ከአንድ ጥንታዊ አባት የወረደ የክሮሞዞም ቤተሰብ፣ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ጥቂት ሰው ነው ያለው። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሶማሊያ ውስጥ ግን ወንዶች በብዛት የሚይዙት እሱን ነው፤ መነሻውም ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ ይታመናል። ይህን አንብቦ «አተንቦሮ ሐበሻ ነው» የሚል የቲክቶክ ቪዲዮ ቢመጣ አይግረማችሁ። አትመኑት። መነሻው የሚቆጠረው ከ20 ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ነው። ያኔ ሐበሻም እንግሊዝም የሚባል የለም። ዘሩ በመካከለኛው ምሥራቅና በሜዲትራኒያን አድርጎ አውሮፓ ገብቷል፤ አውሮፓ ውስጥ ያለው አብዛኛው ቅርንጫፍ የበዛው ባልካን ነው። ሮማውያን ከባልካን ያመጧቸው ወታደሮች ወደ ብሪታንያ አድርሰውታል የሚል መላምትም አለ። አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚከተለው ደግሞ፤ የአባት የአባት የአባት። ከ22 ትውልድ በፊት ከነበሩት ሚሊዮን ከሚያልፉ የዘር ሐረግ መስመሮች ውስጥ አንዷ መስመር። ለስም ጥናት ግን ይህ ብርቅነቱ በጣም ጠቅሟል። ክሮሞዞሙ በአገሩ የሞላ ቢሆን ኖሮ ሁለት አተንቦሮዎች የተመሳሰሉት በዘር ነው ወይስ በአጋጣሚ የሚለው ያጠራጥር ነበር።

እዚያው ሌስተር በ2007 የወጣ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የባሰ የሚያስገርም። ነጭ እንግሊዛዊ የሆነ አንድ ሰው ኤ1 የሚባል፣ ከዚያ በፊት ምዕራብ አፍሪካውያን ላይ ብቻ የታወቀ ክሮሞዞም ተገኘበት። የቤተሰብ ስሙ ከምሥራቅ ዮርክሻየር የመጣ ብርቅ ስም ነው። ያንኑ ስም የያዙ 18 ወንዶች ተፈልገው ሲመረመሩ ሰባቱ ላይ ያው ክሮሞዞም ወጣ። መዝገብ ሲታይ ሰባቱ በሁለት የዘር ሐረግ ተሰበሰቡ፤ ሁለቱም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዮርክሻየር ውስጥ ይቆማሉ። የኤ ሃፕሎግሩፕ ሌላ ቅርንጫፍ እኛም አገር አለ፤ ይኼኛው ግን የምዕራቡ ነው። አፍሪካዊው አባት መቼ እንደገባ ሁለት በር አለ። አንዱ የሮም ዘመን ነው፤ ሮማውያን በሰሜን እንግሊዝ በሠሩት የሃድሪያን ግንብ ጫፍ የሰሜን አፍሪካ ሰዎች የነበሩበት ጦር ሰፍሮ ነበር። ሌላው ባሪያ ፈንጋዮች ሰው ወደ እንግሊዝ ያመጡበት ዘመን ነው። ክሮሞዞሙ ምዕራብ አፍሪካዊ መሆኑን ሳየው ለእኔ ሁለተኛው ይቀርበኛል።

ከአተንቦሮ ጋር ስናስተያየው እዚህ የተካፈሉት ሰባት ከ18 ናቸው፤ ከመቶ 39 መሆኑ ነው። ሁለቱም ብርቅ ስሞች ናቸው፣ ሁለቱም አንድ አካባቢ የተከማቹ። አንዱ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ሁሉን ዋጠ፤ ሌላው ላይ አልዋጠም።

ተመራማሪዎቹ አተንቦሮን በስሙ ጠርተውታል። የዮርክሻየሩን ግን ሳይንሳዊ ጽሑፋቸው ላይ አላወጡትም፤ በአንድ ፊደል ብቻ ነው የጠሩት። ይህ ተገቢ ነበር። ስሚዝ ቢባል ማን እንደሆነ አይታወቅም። ብርቅ ስም ሲጻፍ ግን የጥቂት ቤቶችን በር እንደማመልከት ነው። የ2006ቱ ጥናትም ለፖሊስ ያቀረበው ሐሳብ የተመሠረተው እዚሁ ላይ ነው፤ ወንጀል ከተፈጸመበት ቦታ ከተገኘ ደም ተነስቶ የተጠርጣሪውን የቤተሰብ ስም መገመት። ግምቱ የሚሠራው ለብርቅ ስሞች ነው፤ ስሚዞችን አይነካም።